ሳልጠጣ የጠነከረው ጉበቴ

ዓይኔ ቢጫ መሆኑን መጀመሪያ ያየችው የማላውቃት ፈረንጅ አሮጊት ናት።

ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ሚኒያፖሊስ ኤርፖርት አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ ተጓዦችን በቫን ወደ ተርሚናሉ አመላልስ ነበር። የምንኖረው ሪችፊልድ ስለሆነ ሥራው ለቤቴ ቅርብ ነው። ሴትዮዋ ከኋላዬ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ መንገዱን ትታ በመስታወቱ ውስጥ እኔን ስታየኝ ቆየች። ሻንጣዋን ሳወርድላት ክንዴን ያዝ አደረገችና፣

«ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ» አለችኝ። «የዓይንህ ነጩ ቢጫ ሆኗል። ነገ አትበል፤ ዛሬ ሐኪም ቤት ሂድ።»

አመሰግናለሁ ብያት ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ አይቻት አላውቅም። ሳስባት ዱዓ አደርግላታለሁ።

ሕመሙ የጀመረው ግን ያን ቀን አይደለም። ሰውነቴ ከከዳኝ ከዓመት በላይ ሆኖት ነበር። መጀመሪያ የመጣው ድካም ነው። ድካም ስል ከሥራ የሚመጣውን ማለቴ አይደለም፤ እሱ እንቅልፍ ሲያገኝ ይለቃል። ይኼኛው ስተኛ አብሮኝ ተኝቶ፣ ስነሣ አብሮኝ ይነሣል። ቀጥሎ ምግብ አስጠላኝ። ባለቤቴ ፋጡማ ቅቤ ስታነጥር ሽታውን መቋቋም አቅቶኝ ወጥቼ ደረጃው ላይ እቀመጥ ጀመር። ቀኝ ጎኔን ከጎድን አጥንቴ ሥር አንዳች ነገር የተሸጎጠበት ይመስል ይከብደኛል። መዳፌንና ውስጥ እግሬን ያሳክከኛል፤ ባከው ባከው አይበርድልኝም።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለኝ። የእኛ አገር ሰው ጨጓራ ሲባል አይከራከርም፤ ጨጓራ የሌለበት ማን አለ? እኔም አልተከራከርኩም። እንደ ኖራ ውሃ የነጣ መድኃኒት ሰጡኝ፤ ጠጣሁት፤ ምንም ለውጥ የለም። ሁለተኛው ሐኪም ብዙ ነገር ጠየቀኝ። ከየት እንደመጣሁ፣ ጦርነት አይቼ እንደሆነ፣ የክረምቱ ጨለማ ይከብደኝ እንደሆነ። ደግ ሰው ነበር። ሆድ የባሰው ሰው የሚወስደውን ክኒን አዘዘልኝ፤ እስኪያልቅ ዋጥኩት። ደሜን ግን ሁለቱም አልመረመሩም፤ እኔም መርምሩልኝ ማለትን አላወቅኩም። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ከእኔ የምትወስዱት አንድ ነገር ካለ ይህ ይሁን፦ ድካም አልለቅ ሲላችሁ «ደሜን እዩልኝ» በሉ።

ነርሷ የመከረችኝ ቀን ሺፍቴን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ሚኒያፖሊስ ወደሚገኝ ትልቅ ሆስፒታል ሄድኩ። ልጄን ሐያትን ከትምህርት ቤት ይዣት ነው የሄድኩት፤ የእኔ እንግሊዝኛ ለቫኑ እንጂ ለሐኪም አይበቃም ብዬ። ሐያት ያን ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ሕፃን ሆና ከሱዳን ስለመጣች፣ በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። ደም ቀዱ፣ ሆዴን ቅባት ቀብተው በመሣሪያ አዩት፣ ከዚያ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አስቀመጡን። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰው ይስቃል። ሐያት የቤት ሥራዋን አውጥታ አንድ ገጽ ላይ ብቻ ፈዝዛ ቆየች።

ወጣት ሐኪም መጣና ጥያቄውን ጀመረ።

«ዳድ፣ በሳምንት ስንት ትጠጣለህ ነው የሚለው» አለችኝ ሐያት።

«ምኑን? ውሃውን?»

«ኖ። አልኮል።»

ሳቅሁ። «አንድም ቀን ቀምሼ አላውቅም በይው። እስላም ነኝ በይው።»

ነገረችው። ስለ ሽንቴ ቀለም ጠየቀ፤ እንደ ሻይ ጠቁሯል አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ያንኑ የመጠጥ ነገር አዙሮ ጠየቀ። በሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከቤተሰብ የምደብቀው ከሆነ ልጂቱ ትንሽ ወጣ ብትል ይሻል እንደሆነ ጠየቀኝ። ሐያት ይህንን አልተረጎመችውም። አንገቷን ደፋች። መተርጎምም አላስፈለገውም፤ ገብቶኝ ነበር።

«የጉበት ሕመም ነው፣ የጉበት ሐኪም ያይሃል» ብለው በአፖይንትመንት ሸኙን።

ቤት ስንገባ ፋጡማ ሁሉንም ከሐያት ሰማች። እኔና ፋጡማ ደሴ ተጋብተን፣ በእግራችን ሱዳን ገብተን፣ እዚህ የደረስን ሰዎች ነን። ተጠራጥራኝ አታውቅም። ግን ሐኪም ሦስት ጊዜ ከጠየቀ አንድ ነገር ቢያውቅ ነው ብላ አሰበች።

«አንተ ሰው» አለችኝ ዕቃ እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር። «ወላሂ በለኝ።»

«ወላሂ።»

«ማታ ሺፍት ስትገባ ከእነዚያ ሾፌሮች ጋር...»

«ፋጡማ! ምን ሆነሻል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ጉበት የሚይዘው ጠጪን ነው ይላሉ።»

እንዲያ የሚሉ ነበሩ። የምንኖረው በሁለት መንትያ ከተሞች ቢሆንም እኛ ሐበሾች ጥቂት ነን፤ አንዱ ጋ የተነገረ ሌላው ዳር ያለው ሮዝቪል ለመድረስ ቀን አይፈጅበትም። ጁምዓ ሰግደን ስንወጣ አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «አላህ መሐሪ ነው፣ መተው ነው ዋናው» አለኝ። ምኑን ልተወው? ሌላው ደግሞ «የወፍ በሽታ ነው፣ ክንድህን በእሳት መተኮስ አለብህ» ብሎ ተኳሽ ሊያፈላልግልኝ ነበር። አገራችን ዓይን ቢጫ ሲሆን የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው ይባላል። እውነቱን ለመናገር፣ ከጠጪነቱ የሌሊት ወፏ ትሻለኝ ነበር።

ፋጡማ ምግቤን ታቀርባለች፤ ወሬ ግን የለም። እንደዚያ ያለ ዝምታ ከማሳከኩ ይብሳል። ማታ ጋደም ስል ሞቴን አስብና፣ ከሞቴ ይልቅ ልጆቼ ስለ እኔ ምን ይዘው ይቀራሉ የሚለው ያስጨንቀኛል።

ከጉበት ሐኪሟ ጋር የተቀጠርኩበት ቀን ሲደርስ ፋጡማ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ተነሣች። «እኔም ከሐኪሟ አፍ ልስማ» አለች። በዚህ ጊዜ ሐያትን አልወሰድንም፤ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ አዘጋጅቶልን ነበር። አቶ ተስፋይ ይባላሉ፤ አስመራ በአማርኛ የተማሩ ኤርትራዊ ናቸው። ንግግራቸው ትንሽ የትግርኛ ዜማ አለው እንጂ አማርኛቸው ከእኔ ይበልጥ የተጣራ ነው። ሐኪሟ ዶክተር ኤለን ቁመታቸው ረዘም ያለ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ወረቀቱን አስቀምጠው እኛን እያዩ ጀመሩ።

«ደምህ ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ የሚባል ቫይረስ አግኝተናል። ጉበትን የሚያቆስል ተላላፊ ነገር ነው። ምናልባት ስትወለድ ከእናትህ ወይም በሕፃንነትህ ይዞህ፣ ይህን ሁሉ ዘመን በዝምታ ሲሠራ ኖሯል።»

ፋጡማ አቋረጠች። «መጠጡስ?»

«መጠጥ አይደለም» አሉ ዶክተሯ። «ጉበት የሚጎዳበት መንገድ ብዙ ነው። መጠጥ አንዱ ብቻ ነው። የእርሱ ከመጠጥ ጋር አይገናኝም።»

«ይድገሙልኝ፣ አቶ ተስፋይ።»

አቶ ተስፋይ ደገሙላት። ፋጡማ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ይቅርታም ምንም አላለችኝም። እጄን ግን ያዘች፤ እስክንወጣ አልለቀቀችኝም። ለእኔ ያን ቀን ግማሹ ሕመም ድኗል።

ቀጥሎ ባዮፕሲ የሚባለውን አደረጉልኝ። በጎድን አጥንት መካከል ረጅም መርፌ አስገብተው ከጉበት ላይ እንደ ክር የቀጠነች ቁራጭ ያወጣሉ። ሲወጋ እንደ ቡጢ ነው፤ ወዲያው ያልፋል። ከባዱ ደም እንዳይፈስ ተብሎ በቀኝ ጎን ያለ እንቅስቃሴ ለረጅም ሰዓት መተኛቱ ነው። ፋጡማ ሙስበሃዋን እየቆጠረች አጠገቤ ዋለች።

ውጤቱን ዶክተር ኤለን እየሳሉ ነው ያስረዱን። ጤነኛ ጉበት ለስላሳ ነው፤ ውስጡ እንደ ንብ ሰፈፍ በጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው፤ ደም በየክፍሉ መካከል እየተጣራ ያልፋል። ቫይረሱ ሲያቆስለው ጉበት ራሱን ያድናል። ግን ቁስል ሲድን ጠባሳ ይተዋል። ዓመት በዓመት ላይ ሲቆስል ሲድን፣ ሲቆስል ሲድን፣ ጠባሳው ክር እየሆነ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይዘረጋል። ክሮቹ ዙሪያውን ሲገናኙ ሥጋውን እንደ አጥር ከበው ያንቁታል፤ ጉበቱ ይጠነክራል፣ ይጎረብጣል፤ ደም መግቢያ ያጣና ወደ ኋላ ይመለሳል። ሲሮሲስ የሚሉት ያን ነው። ሆድ ውሃ የሚሞላው፣ ሰው ደም የሚያስታውከው ያኔ ነው።

«የአንተ ክሮች ድልድይ ሠርተዋል» አሉኝ። «ገና አጥር አልሆኑም። ደጃፉ ላይ ነህ።»

«ጠባሳው ይለቃል?»

«ድሮ አይለቅም ብለን ነበር የምናስተምረው። አሁን የሚያቆስለው ነገር ሲቆም ጠባሳው ሲሳሳ ያየንባቸው ሕመምተኞች አሉ። ቃል አልገባልህም። እንሞክራለን።»

ከዚያም በቤተሰቤ እንዲህ የታመመ ሰው እንዳለ ጠየቁኝ። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ደሴ ላይ ሆዱ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነው የሞተው አልኳቸው። ሰይድ ከባድ መኪና ነጂ ነበር። ተደብቆ ይጠጣ ነበር ተብሎ ስንት ተወርቶበታል፤ አባታችን ያንን እየሰማ ነው የቀበረው። ዶክተሯ ደሙን ሳይመረምሩ እርግጠኛ መሆን እንደማይችሉ ነገሩኝ። «የምትነግረኝ ግን የአንተኑ መንገድ ይመስላል» አሉ።

ለእህቴ ለዘምዘም አስቀድሜ መልእክት ልኬ፣ አባታችንን ደሴ ስልክ ካለው ዘመዳችን ቤት እንድታመጣው አደረግኩ። መስመሩ ይንኳኳል፤ ድምፁ ሄዶ ይመለሳል።

«አባዬ፣ የሰይድ ሕመም ከመጠጥ አይደለም መሰለኝ። የእኔም ያው ነው። ከደም ነው።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አባዬ?» አልኩ።

«እየሰማሁ ነው» አለኝ። «ልጄ እንዳልጠጣ አውቅ ነበር። የምመልስበት ቃል ነበር ያጣሁት። እንግዲህ ለሰፈሩ ሁሉ እኔ ራሴ እየዞርኩ እነግራለሁ።» ከዚያ ድምፁን ለወጠና፣ «አንተስ? ትድናለህ?» አለኝ።

«ኢንሻአላህ አባዬ።»

በዘጠና ዓመቱ ገደማ ያለ ሰው በምርኩዝ ቤት ለቤት ዞሮ እንደተናገረ ዘምዘም ኋላ ነገረችኝ። እሷም ልጆቿን ይዛ ሄዳ ተመረመረች።

እኛም ተመረመርን። ፋጡማን ቫይረሱ ድሮ አግኝቷት ሰውነቷ በራሱ አሸንፎት ነበር። «ከአንተ የበረታሁ መሆኔን ሐኪምም አወቀው» አለችኝ፤ ያ ቀልዷ በመመለሱ ደስ አለኝ። ሐያትና እዚሁ የተወለደው ትንሹ ልጃችን ነጻ ሆኑ፤ ክትባቱን ጀመሩ።

ዶክተር ኤለን ያዘዙልኝ መርፌ እስኪጀመር ከሥራ ዕረፍት ወስጄ ቤት ሳለሁ ነው እማማ ኮማላን የተዋወቅሁት። ከእኛ በር ፊት ለፊት ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሕንዳዊት ናቸው። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ቢጫ ዓይኔን ሲያዩ ቆም አሉና፣ የራሳቸውን ቀኝ ጎን በመዳፋቸው ነካ አድርገው «ያክሪት?» አሉኝ። በእነሱ አገር የጥንት ቋንቋ ጉበት ማለት መሆኑን ኋላ ነው ያወቅሁት። አባታቸው አዩርቬዳ የሚሉት የሕንድ ጥንታዊ ሕክምና አዋቂ ነበሩ። የእሳቸውም እንግሊዝኛ እንደ እኔው ስብርብር ስለሆነ፣ ሁለታችን ስናወራ የሚያፍር የለም።

በእነሱ ትምህርት ሰውነትን የሚያስተዳድሩት ንፋስ፣ እሳትና ውሃ ናቸው። ጉበት የእሳት ቤት ነው፤ ምግብን የሚያበስለውም ደምን የሚያቀላውም ያ እሳት ነው። እሳቱ ልክ ሲያልፍ የራሱን ቤት ያቃጥላል። ቃጠሎው ከቆየ ንፋስ ይገባና ያደርቀዋል።

«የጭቃ ቤት እሳት ሲበላው ግድግዳው ምን ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሸክላ።»

«አዎ! ያክሪት እንደዚያ ነው።»

ዶክተር ኤለን በሥዕል ያሳዩኝ ትዝ አለኝ። እሳቸው መጀመሪያ ቁስል ቀጥሎ ጠባሳ አሉ፤ እማማ ኮማላ መጀመሪያ እሳት ቀጥሎ ድርቀት አሉ። ስሙ ተለያየ እንጂ ቅደም ተከተሉ አንድ ሆነብኝ። ሁለቱም ደግሞ አንድ ነገር አስታወቁኝ፦ ቃጠሎው ሳይቆም ግድግዳውን ማለስለስ አይቻልም።

እማማ ኮማላ ከፋጡማ ጋር ኩሽና ገቡ። በርበሬና ቅባት ተቀነሰ። ማሾ ከሩዝ ጋር እስኪላላ ተቀቅሎ ድንብላል ጣል ይደረግበታል። እርጎ ተንጦ፣ ቅቤው ወጥቶለት፣ በውሃ ቀጥኖ ይሰጠኛል። ፋጡማ ቀምሳ «ይህማ አሬራችን ነው!» ብላ ጮኸች። ቆዳው የሚጎረብጥ መራራ አትክልትም ነበር፤ እሱን አልዋሽም፣ ማንም ሳያይ ወደ ሳህኔ ጠርዝ እገፋው ነበር። ከብዙ ወራት በኋላ ምግብ በሆዴ የረጋልኝ ግን በዚያ ማሾ ነው።

በኋላ እማማ ኮማላ ከአገራቸው የመጣ የሥር ዱቄት አመጡልኝ። በማር ለውሼ ልወስደው ስል ሐያት ማንኪያውን ያዘች።

«ዳድ፣ ኖ። ዶክተሯን ጠይቅ ፈርስት።»

ዶክተር ኤለን ዱቄቱን አሸተቱት፤ አላፌዙም። «መጥፎ ነው አልልህም፤ ውስጡ ያለውን አላውቅም ነው የምልህ» አሉ። «የምትውጠው ሁሉ የሚያልፈው በጉበትህ ነው። የቆሰለን ሰው ሸክም አታሸክመውም። አንዳንዱ ዱቄት ውስጥ እርሳስን የመሰለ መርዛማ ብረት ይገኛል። ማሾውና አሬራው ግን ይቀጥል።»

ለእማማ ኮማላ እንዴት እነግራቸዋለሁ ብዬ ተጨነቅሁ። ስነግራቸው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ፤ በእነሱ አገር እሺ ማለት ነው። «አባቴም ሕመምተኛው ሌላ ምን እንደሚወስድ ሳይጠይቅ አይሰጥም ነበር» አሉ። ዱቄቱን መልሰው ወሰዱ፤ በማግስቱ ማሾ ይዘው መጡ።

መርፌው ኢንተርፌሮን ይባላል። ሰውነት ቫይረስን ለመዋጋት ራሱ የሚሠራውን ነገር አብዝቶ መስጠት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን የምትወጋኝ ፋጡማ ነበረች፤ የሆስፒታሉ ነርስ ብርቱካን ላይ አለማመደቻት። ከተወጋሁ በኋላ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ያተኩሰኛል፣ አጥንቴ ይለያያል። ጸጉሬ ሳሳ። ግልፍተኛ ሆንኩ፤ ትንሹ ልጄ መጫወቻውን ሲጥል እጮሃለሁ፣ መልሼ እኔው አለቅሳለሁ። ፋጡማ «መድኃኒቱ ነው የሚጮኸው፣ አባታችሁ አይደለም» ትላቸዋለች። አለቃዬ ከቫኑ አውርዶ ቁልፍ መቀበያው ጋ አስቀመጠኝ፤ ከሥራም ከኢንሹራንስም ሳልወጣ የቀረሁት በእሱ ደግነት ነው።

በሦስተኛው ወር ዓይኔ እንደገና ቢጫ ሆነ። አለቀልኝ አልኩ። ፋጡማም የያዘችውን መርፌ አስቀመጠች። ሮጠን ሄድን። ዶክተር ኤለን የደሜን ውጤት አይተው ፈገግ ሲሉ ተናደድኩ።

«ምን ያስቃል?» አልኩ በራሴው እንግሊዝኛ።

«ሰውነትህ ነቅቶ መዋጋት ጀመረ ማለት ነው» አሉ። «አደገኛም ሊሆን ስለሚችል በየሳምንቱ አይሃለሁ። ግን ስጠብቀው የነበረ ነገር ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ቢጫው ለቀቀ። መርፌው ሲያልቅ ቫይረሱ ደሜ ውስጥ መራባቱን አቁሞ ነበር። ፈጽሞ ከሰውነቴ ወጣ ማለት እንዳልሆነ፣ ዕድሜ ልኬን መታየት እንዳለብኝ ነገሩኝ። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ እንደገና ባዮፕሲ አደረጉልኝ። አቶ ተስፋይ ውጤቱን ሲተረጉሙ ድምፃቸው ከወትሮው ከፍ አለ፦

«ክሮቹ ሳስተዋል ይላሉ። ድልድዮቹ ብዙዎቹ ተበጥሰዋል። ጉበቱ ለስልሷል!»

ያን ዓመት ረመዳን ጥር ውስጥ ገባ። በመርፌው ጊዜ መጾም ተከልክዬ ስለነበር ለዶክተር ኤለን ጥያቄዬን ይዤ ሄድኩ። ከንጋት እስከ ፀሐይ መግቢያ ነው ስላቸው በመስኮት ውጪውን አዩ። «በሚኒሶታ ጥር? ገና ከሰዓት ሳይጀምር ይመሻል። ጹም» አሉኝ።

ከረመዳን ጁምዓዎች በአንዱ፣ ሰላት ካለቀ በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ተነሣሁ። ንግግር የምችል ሰው አይደለሁም። «ወንድሞቼ፣ ስለ ጉበቴ የተወራውን ሰምቻለሁ» አልኩ። አንዳንዱ መሬት መሬት አየ። «አልተቀየምኩም። እኔም ሳልታመም አላውቅም ነበር። ሕመሙ ከእናት ወደ ልጅ ይሄዳል፣ በደም ይሄዳል፣ በባልና ሚስት መካከል ይሄዳል፤ አብሮ በመብላት አይሄድም። ድምፅ የለውም። ቀድሞ ከተገኘ ሕክምና አለው፣ ለልጆች ክትባት አለው። ተመርመሩ።» ብዬ ተቀመጥኩ። ሰዉ ጫማውን አጥልቆ ተበተነ።

በማግስቱ ግን ስልኬ ጮኸ። ጀማል ይባላል፤ ታክሲ የሚነዳ፣ በመስጂድ ሰላምታ እንጂ ሌላ ወሬ ኖሮን የማያውቅ የሐረር ልጅ ነው።

«ይማም፣ እናቴ በዚህ ነገር ነው መሰለኝ የሞተችው» አለኝ። «ልመርመር ብዬ ነበር... ብቻዬን መሄዱ ከበደኝ።»

«ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደጅህ ነኝ» አልኩት።

በረዶ እየጣለ ድራይቭ አድርጌ ወሰድኩት። መጠበቂያው ክፍል ገብተን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ነርሷ በሩን ከፍታ ስሙን ስትጠራ ብድግ አለ፤ ወዲያና ወዲህ አየና ካፖርቱን አውልቆ ለእኔ ሰጥቶኝ ገባ። እኔም ካፖርቱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እስኪወጣ ድረስ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት።